ብታደርግልኝ፣ ባታደርግልኝም

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ በአሰበ ተፈሪ፣ ማለትም በጭሮ፣ መሀል የሚያልፈው አስፋልት ፋታ ያጣል። ከአዲስ አበባ የተነሡ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች አዋሽንና ሚኤሶን አልፈው፣ ዳገቱን ወጥተው ጭሮን ያቋርጣሉ፤ ከዚያ በሒርና፣ በካራሚሌና በጨለንቆ አድርገው ቁልቢ ገብርኤል ይገባሉ። ሐምሌ 19 ደግሞ በክረምቱ ጭቃ ይኸው ጉዞ ይደገማል። መነሻው ስለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ፣ ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው በድል ሲመለሱ ያሠሩት ነው ይባላል። ተጓዡም የተሳለውን ይዞ ይሄዳል፤ ጧፍ፣ ጥላ፣ መጋረጃ፣ ገንዘብ፣ ክርስትና የሚነሣ የስለት ልጅ። ሰው እያረጀ ሲሄድ ከዚህ ጉዞ ጋር ያለው ነገር ይለወጣል፤ ለውጡም የሚጀምረው ከአንድ ፊደል ይመስለኛል።

ስለት የሚቆመው በ«ብ» ላይ ነው። «ይህን ብታደርግልኝ ያን አገባለሁ።» በሃያዎቹ ዕድሜ ይህ «ብ» ሰፊ ሜዳ አለው። ፈተና ማለፍ፣ ሥራ መያዝ፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ውጭ መውጣት ሁሉም ገና ከፊት ነው። አርባ አምስት ላይ ግን ብዙው መልስ ታውቋል። አንዳንዱ መጥቷል፣ አንዳንዱ ቀርቷል፣ አንዳንዱ ከመጣ በኋላ ባይመጣ ይሻል እንደነበር ታይቷል። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው የልጆችን ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ የታመመ ወላጅ ያስታምማል፣ የእድርና የእቁብ ቀን ይቆጥራል። በሀገራችን ይህን ዕድሜ በብዛት ማየትም ቢሆን የቅርብ ነገር ነው። የዛሬ 35 ዓመት ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ አማካይ የሕይወት ዘመን ከ50 በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። የልዩነቱ ትልቁ ድርሻ የሕፃናት ሞት መቀነስ እንደሆነ አልረሳሁም። ቢሆንም ከአያቶቻችን ዘመን ይልቅ ዛሬ ብዙ ሰው መልሱን ካወቀ በኋላ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ያን ዕድሜ በ«ብ» ብቻ መግፋት አይቻልም። የሚያዋጣው «ባ» ነው፤ «ባታደርግልኝም»።

ይህን ከራሴ ያፈለቅሁት አይደለም፤ በዓሉ ራሱ የሚለው ነው። ታኅሣሥ 19 የሚታሰበው ናቡከደነፆር ካነደደው እሳት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል የወጡበት ቀን ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው መውጣታቸውን ነው። ከመግባታቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ ግን፣ በትንቢተ ዳንኤል እንደተጻፈው፣ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናግረው ባያድናቸውም ንጉሡ ላቆመው ምስል እንደማይሰግዱ የሚያስታውቅ ነው። መልአኩ ገብርኤል የወረደው ይህ ከተባለ በኋላ ነው። ሐምሌ 19ኙ ደግሞ ይብሳል። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በዚያ ቀን ከእሳት ወጡ፤ ነገር ግን ስንክሳሩ ታሪካቸውን እዚያ አይዘጋም። ኋላ ሁለቱም ሰማዕት ሆኑ፤ የቂርቆስ ዕረፍት ጥር 15 ይታሰባል። ከእሳት ያወጣቸው አምላክ ከሰይፍ አላወጣቸውም ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሁለቱንም ቀን ታከብራለች። በዚያ ላይ ታኅሣሥ 19 የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ኅዳር 15 የሚጀምረው ይህ ጾም የተስፋውን ቃል ይዘው ፍጻሜውን ሳያዩ ያለፉትን ሰዎች የሚያስብ ነው። ስለቱ የሰመረለት ሰው እልል እያለ መጋረጃውን የሚያስገባው፣ ሳያዩ የሞቱትን እየጾመ ነው። ይህን ያሰናዳው አባት ማን እንደሆነ ባናውቅም ጉልምስናን የሚያውቅ ሰው ይመስለኛል።

ስለትን ከነአካቴው የሚነቅፉ አሉ፤ በተለይ ከወንጌላውያን ወገን። «ከእግዚአብሔር ጋር ንግድ ነው» ይላሉ። ነቀፋው መሠረት የለውም አልልም፤ የሚነግድ አለ። ነገር ግን ሐና ስለ ልጅ ተሳለች፤ ሳሙኤልን አገኘች፤ ጡት ካስጣለችው በኋላ ያንኑ ልጅ ለቤተ መቅደስ ሰጠች። ነጋዴ የተገበያየበትን ዕቃ ሙሉውን አይመልስም። ስለት በትክክል ከተያዘ መጀመሪያው «ብ» ይሁን እንጂ መጨረሻው መልቀቅ ነው። የሚያሳስበኝ እስከ ስልሳ ዓመት «ብ» ላይ ቆሞ የሚቀረው ሰው ነው፤ እሱ አንድ ጥያቄ በቀረበት ቁጥር ወይ በአምላኩ ላይ ያኮርፋል ወይ ሌላ ታቦት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። «ባታደርግልኝም» ማለት ተስፋ መቁረጥን ማሳመር አይደለም ወይ? ድሀውን «ዝም ብለህ ቻል» ማለት አይሆንም ወይ? እዚህ ላይ ሦስቱ ልጆች ቃሉን የተናገሩት ለማን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። ለንጉሡ ነው የተናገሩት፤ ንግግሩም እምቢታ ነው። ባያድነንም የሚል ሰው አስፈራርተው የሚይዙት ሰው አይደለም፤ መጨረሻውን አስቀድሞ ተቀብሎታል። ከዚሁ ከእኛው ከምዕራብ ሐረርጌም ማስረጃ አለ። በ2004 ዓ.ም የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም ደን ሲቃጠል ምእመናን ተራራውን ወጥተው እሳቱን ለማጥፋት ተረባረቡ። መልአክ እስኪወርድ ቁጭ ብለን እንጠብቅ አልተባለም። የጨርጨር ገበሬም እንዲሁ ነው። ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ በበልግ ዝናብ ይዘራል፤ ዝናቡ ቢከዳው መሬቱን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይጥላል። በ2007 መጨረሻ ክረምቱ ከሽፎ በ2008 ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ በሆነ ጊዜ እንኳ፣ በቀጣዩ ዓመት እርሻው አልቀረም። ያን ዘር የዘራው ሰው የዝናብ ዋስትና አልነበረውም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ደግሞ ዘሩን በልቶ ይጨርሰዋል እንጂ አይዘራውም።

ስለ ገበሬው ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ ምዕራብ ሐረርጌ ዞን አብዛኛው ገበሬ ሙስሊም ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ከመቶ 88 ያህሉ ሙስሊም ነበር። የጭሮ፣ የገለምሶና የበዴሳ ክርስቲያን ተስፋውን የሚናገረው ከጎረቤቱ ጋር ነው። አንዱ «ኢንሻአላህ» ይላል፣ አንዱ በኦሮምኛ «ዮ ረቢን ጄዴ»፣ አንዱ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»። ሦስቱም ውስጥ «ቢሆን» የሚል ሐሳብ አለ፤ ነገር ግን ከስለቱ «ብ» ጋር አንድ አይደለም። ስለቱ ላይ ሁኔታው የተጣለው በሰማይ ላይ ነው፤ «ብታደርግልኝ»። እዚህ ላይ ግን ሁኔታው የተጣለው በተናጋሪው ዕቅድ ላይ ነው። ነገ ገበያ እወጣለሁ የሚል ሰው ነገ የእሱ እንዳልሆነ በዚያች አንዲት ሐረግ ያምናል። ልማድ ሆኖ ስለምንናገረው ክብደቱ አይሰማንም፤ ነገር ግን ጎልማሳ እምነት ምን ይመስላል ለሚለኝ ከየሻይ ቤቱ የሚሰማውን ይህን ቃል ልጠቁመው እችላለሁ።

አንድ ድንበር ግን ለራሴ ማበጀት አለብኝ። ልጁን ለቀበረ ሰው ይህን ሁሉ መንገር ነውር ነው። «ባታደርግልኝም» አንድ ሰው ስለ ራሱ የሚለው እንጂ ሌላው እንዲለው የሚታዘዘው ቃል አይደለም። ሦስቱ ልጆችም እሳት ውስጥ የገቡት ራሳቸው ነበሩ፤ ዳር ቆመው ሌላውን አላጽናኑም። ለሐዘንተኛው የሚሆነው እድሩ የሚያደርገው ነው። ድንኳን መትከል፣ ንፍሮ ማቅረብ፣ አብሮ ማደር፣ በአርባው ተመልሶ መምጣት። ይህን ሥራ በየከተማው የሚሸከሙት ደግሞ በአብዛኛው እነዚሁ ጎልማሶች ናቸው። በወር በወሩ በ19 የገብርኤልን ጽዋ የሚያነሡትም እነሱ ናቸው፤ ከመካከላቸው የማኅበሩ ጸሎት ያልሰመረለት አይጠፋም፤ ተራው ሲደርስ ግን ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ደፍቶ ይደግሳል።

ቁልቢ ላይ የሚገባው ስለት ይታያል፤ ወርቁ ይቆጠራል፣ ጥላው ይዘረጋል፣ ምስክርነቱም ለሕዝብ ይነገራል። ተስሎ ሳይሰምርለት የመጣ ሰው ግን የሚያስመዘግበው ነገር የለውም። አንድ ጧፍ ለኩሶ ያቆማል፣ ይሳለማል፣ ማታ አውቶቡሱ ላይ ተሳፍሮ በዚያው በጭሮ በኩል ይመለሳል።