ጣፊያ ሲያብጥ

ጣፊያ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ያለ፣ ያረጁ የደም ሴሎችን የሚያጣራ አካል ነው። ጤነኛ ሲሆን ብዙ ጊዜ በእጅ አይዳሰስም። እዚህ ቡሉክ ልጅ ሲያተኩሰው «ወባ ነው» ብለን እናልፋለን፤ መምህራንም ጭምር። እውነት ነው፣ ወባ ሲመላለስ ጣፊያን ያሳብጣል። ግን በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ካላ-አዛር የሚባልም በሽታ አለ። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ ሲነሳ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር።

ስለዚህ ልጁ የወባ መድኃኒት ወስዶም ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳ፣ ሆዱም በግራ በኩል ካበጠ፣ በተለይ ከጆንግሌ፣ ከአፐር ናይል ወይም ከመተማ የመጣ ከሆነ፣ የካላ-አዛር ምርመራ ጠይቁለት። ካልታከመ ይገድላል፤ መድኃኒት ግን አለው።

ማሸትና መተኮስ ይቅር፤ ያበጠ ጣፊያ ሊፈነዳ ይችላል። ኳስም አይጫወት። ሆዱን ተመትቶ ግራ ጎኑን ወይም ግራ ትከሻውን ካመመው፣ ወይም ካዞረው፣ ይነጋል ሳትሉ ሆስፒታል አድርሱት።