በየካና በእንጦጦ ግርጌ አየርን የሚበክሉ ኦርጋኒክ ውህዶች መነሻ

በአዲስ አበባ የየካ ክፍለ ከተማና የእንጦጦ ተራሮች አካባቢ አየርን ከሚበክሉ ኦርጋኒክ ውህዶች ዋነኞቹ መነሻዎች የማገዶና የተሽከርካሪ ጭስ ናቸው።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረትን ለማቃለል ወደ አገሪቱ የገባው የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል አሁንም ለእንጀራ መጋገሪያ ይውላል። ማገዶው በቂ አየር አጥቶ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ሲቀር፣ ቤንዞፓይሪንን የመሳሰሉ ውህዶች ከጥቀርሻ ጋር ተጣብቀው ይወጣሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቤንዞፓይሪንን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል። አሮጌ የናፍጣ ተሽከርካሪዎችም ተመሳሳይ ውህዶችን ይለቃሉ።

በበጋ ሌሊት ምድር ስትቀዘቅዝ ከበላይ ያለው ሞቃት አየር ጭሱን ስለሚያግደው ማለዳ በተራራው ግርጌ ይከማቻል። ይበልጥ የሚጎዱት ከምድጃ አጠገብ የሚውሉ እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

ጭስ ማውጫ ቤቱን ከጭስ ቢያድንም የሰፈሩን አየር አያጸዳም፤ ብክለቱን ከምንጩ የሚቀንሱት የኤሌክትሪክ ምጣድና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ናቸው።