ራሱን የሚጠራ ፈንክሽንና የፎልደሮች ዛፍ

አንድ ፎልደር ሌላ ፎልደር፣ ያም በተራው ሌላ ሊይዝ ስለሚችልና ጥልቀቱም አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ የሚዘረዝር ስክሪፕት በተወሰኑ ተደራራቢ ሉፖች ብቻ ሊጻፍ አይችልም። ይህ በደረጃ የተዋቀረ የፋይል አቀማመጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ መልቲክስ ለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተነድፎ በኋላ በዩኒክስ በኩል የተስፋፋ ሲሆን፣ ሪከርሲቭ ፈንክሽን፣ ማለትም ሥራውን ለመፈጸም ራሱን መልሶ የሚጠራ የፕሮግራም ክፍል፣ በዚያው አሥርት መግቢያ በሊስፕና በአልጎል 60 ቋንቋዎች ቦታውን ይዞ ነበር።

የሁለቱ መጣጣም እጅግ ያማረ ነው። ፈንክሽኑ «ሰነዶች» የተባለ ፎልደር ሲሰጠው ይዘቱን አንድ በአንድ ያነባል፤ ፋይል ሲያገኝ ስሙን ይጽፋል፤ «ደብዳቤዎች» የሚል ንዑስ ፎልደር ሲያገኝ ግን የእርሱን አድራሻ ይዞ ራሱን ይጠራል፣ ያንን ጨርሶም ካቆመበት ይቀጥላል። ንዑስ ፎልደር የሌለው ፎልደር ላይ ሲደርስ አዲስ ጥሪ ስለማይኖር፣ የማቆሚያው ሁኔታ ለብቻው መጻፍ እንኳ አያስፈልገውም።

ችግሩ የሚመጣው ዛፉ ንጹሕ ዛፍ ሳይሆን ሲቀር ነው። በ«ደብዳቤዎች» ውስጥ ወደ «ሰነዶች» መልሶ የሚያመለክት ሲምቦሊክ ሊንክ፣ ማለትም የሌላ ቦታ አድራሻን ብቻ የያዘ ፋይል ቢኖር፣ ሊንኩን ሳያጣራ የሚከተል ፈንክሽን አንዱን ፎልደር ደጋግሞ ይዞራል፤ በዩኒክስ መሰል ሲስተሞች መፍትሔው ሊንክን አለመከተል ወይም የታየውን ፎልደር በዲስኩና በአይኖድ ቁጥሩ፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ በሚለይበት ቁጥር፣ መዝግቦ መያዝ ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ የተደራራቢ ጥሪዎች ገደብ በመደበኛው 1000 ስለሆነ፣ በጣም ጥልቅ ለሆነ ዛፍ ያልተጎበኙትን ፎልደሮች በዝርዝር ይዞ በሉፕ መሥራት ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በፓይተን 2.3 የገባው ኦኤስ.ዎክ የተባለ ፈንክሽን ይህን አሰሳ ዝግጁ አድርጎ ያቀርባል፤ ከ2015ቱ ፓይተን 3.5 ወዲህም የእያንዳንዱን ፋይል ዓይነት በተናጠል መጠየቅን በእጅጉ በሚቀንሰው ስካንዲር በተባለ ፈንክሽን ስለሚጠቀም ፈጣን ሆኗል። ይሁን እንጂ ኦኤስ.ዎክ እንዲያነብ ያልተፈቀደለትን ፎልደር ሲያጋጥመው፣ ስህተቱን የሚቀበል ፈንክሽን ካልተሰጠው በስተቀር፣ ምንም ሳይናገር ያልፈዋል፤ ባክአፕ የሚወሰድበት ዝርዝር በዚህ ምክንያት ቢጎድል ማንም ሳያውቅ ስለሚቀር፣ ስህተቱን አሳውቆ ከሚቆም ስክሪፕት ይልቅ ይህ ዝምታ የከፋ ጉዳት አለው።