የጨዋታ ስም ስንት ያወጣል?

የኒውዮርክ የቡና ዋጋ ጨመረ በተባለ ቁጥር የመቱና የበደሌ ቡና አቅራቢ ጭማሪው በሙሉ ከእጁ እንደማይገባ ያውቃል። ላኪው፣ የጭነት መኪናው፣ ባንኩና ደላላው ድርሻቸውን ካነሱ በኋላ የተረፈው ነው የእርሱ። በፊልም ንግድም ነገሩ ያው ነው። ችግሩ ግን ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የትኬት መስኮቱ ገቢ መሆኑ ነው፤ ይህ ቁጥር ብዙ ገንዘብ ያዥ ያሳስታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ባትልሺፕ» የተባለውን የጦር መርከብ ፊልም እንመልከት። የአሜሪካው ዩኒቨርሳል 209 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሰበት፤ በዓለም ዙሪያ ከትኬት 303 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሰበሰበ። ላይ ላዩን ላየው ሰው 94 ሚሊዮን ትርፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከትኬቱ ዋጋ ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቱ ይቀራል። በዚህ ስሌት ለአምራቹ የሚደርሰው 150 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የማስታወቂያው ወጪ ገና ሳይነካ ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉድለት ማለት ነው። የቪዲዮና የቴሌቪዥን ሽያጭ ከጉድለቱ የተወሰነውን ቢሸፍን እንጂ የበሩን ውጤት አይለውጥም። አሜሪካና ካናዳ የሰጡት 65 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ፊልሙ እዚያ የገባው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው፤ «አቬንጀርስ» ገበያውን ከያዘው ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር።

ለመሆኑ ዩኒቨርሳል ምን ገዛ? የሃስብሮን የመጫወቻ ስም ነው። መርከብ የማደኑ ጨዋታ ድሮ ሰው ሁሉ በወረቀትና በእርሳስ የሚጫወተው ነበር። ሚልተን ብራድሌይ በ1967 በፕላስቲክ ሠርቶ ለገበያ አቀረበው፤ ሃስብሮ ደግሞ በ1984 ኩባንያውን ጠቅልሎ ገዛ። ጨዋታው ታሪክ የለውም፤ አንዱ ተጫዋች የሌላው መርከብ የት እንዳለ ይገምታል፣ አለቀ። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራንን ሃዋይ ባሕር ላይ አውርዶ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ጋር ማዋጋት የፊልሙ ሰዎች ፈጠራ ነው፤ ወጪውም የእነርሱ ነው። ስሙ አንድ ዶላር አልቀነሰላቸውም።

ይኸው ዩኒቨርሳል በ2014 በሌላ የሃስብሮ ስም፣ «ዊጃ» በተባለው የመንፈስ መጥሪያ ሰሌዳ፣ አስፈሪ ፊልም አወጣ። ወጪው 5 ሚሊዮን ገደማ፣ የትኬት ገቢው 103 ሚሊዮን ገደማ። ግማሹ ለሲኒማ ቤት ቢሄድ እንኳ የቀረው የወጪው አሥር እጥፍ ነው። ታዋቂ ስም ሁለቱም ነበራቸው፤ የለያያቸው የፈሰሰው ገንዘብ ነው።

ኢሉባቦር ለስም ጉዳይ ባዕድ አይደለም። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ የያዮ፣ የጮራና የአሌ ቡና የተመደበው በ«ጅማ» ስም ነበር። ስታርባክስ በ1999 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በተፈራረመው የንግድ ምልክት ስምምነት ውስጥም የተጠሩት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ ናቸው። የጫካ ቡናው ያዮ አልተጠራም።

ገበጣስ? ገበጣ እንደ ወረቀቱ የመርከብ ጨዋታ ባለቤት የለውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና ዘዴን አይጠብቅም። ስለዚህ ገበጣን ፊልም ላድርገው የሚል ባለሀብት ለጨዋታው የሚከፍለው የለም። ተወዳዳሪው በሳምንቱ ሌላ የገበጣ ፊልም ቢያወጣበትም ጨዋታው የእኔ ነው ብሎ ሊያስቆመው አይችልም፤ የሚከራከርበት መብት በራሱ ድርሰትና በቀረጸው ምስል ላይ ብቻ ነው።