ትኩሱን ብልቃጥ አትንኩት

ለጀማሪ ተማሪዎች የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ የማሠራ ሰው ነኝ። ሁልጊዜ የማስጀምራቸው በቤንዞይክ አሲድ ነው፤ ለስላሳ መጠጦች እንዳይበላሹ የሚጨመረው ሶዲየም ቤንዞዌት የእሱ ጨው ነው። ንጹሑ ነጭ ነው። እኔ የማድላቸው ግን ሆን ብዬ ያቆሸሽኩትን ዱቄት ነው።

ማጽጃው የፈላ ውኃ ነው። በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 3.4 ግራም ገደማ ብቻ ያሟሟል፤ ሲፈላ ግን ከ10 እጥፍ በላይ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ መጽሐፉ ካዘዘው ትንሽ ጨመር እናደርጋለን። ከበዛ ምርቱ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ጉድፉን በትኩሱ አጥልለን ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያ ማንም እንዳይነካው።

ተማሪ ሳለሁ ሰዓት ስላለቀብኝ ትኩሱን በረዶ ውስጥ ነከርኩት። ወዲያው ነጭ ዱቄት ወረደና ደስ አለኝ። ሳቀልጠው 113 ላይ ማላብ ጀምሮ 119 ላይ አለቀ። ንጹሑ 122 ላይ ነው የሚቀልጠው። ክሪስታል ቀስ ብሎ ሲያድግ ሞለኪውሎቹ መሰላቸውን እየመረጡ ይደረደራሉ፣ ባዕዱ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ሲጣደፍ ባዕዱን ውስጡ ይዞ ይዘጋል። እንዲህ ያለው ቀድሞ መቅለጥ ይጀምራል፣ እስኪጨርስም ይጎትታል። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው ሁለት ቁጥር ነው፦ የት ጀመረ? የት ጨረሰ?

ባለፈው አንዷ መጥታ «ቲቸር፣ ቀዝቅዟል ግን ምንም አልወጣም» አለችኝ። የብልቃጡን ውስጠኛ ግድግዳ በመስታወት ዘንግ ፋቅ ፋቅ እንድታደርገው ነገርኳት። ጥቂት እንደፋቀች ከጭረቱ ሥር ቀጫጭን መርፌዎች ብቅ አሉ፤ ወዲያው ብልቃጡ ሞላ። አጥልላ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አጥባ፣ እስኪደርቅ ጠበቀች። እርጥብ ከሆነ ውኃውም ራሱ ባዕድ ነው።

ዱቄቱን እንደ ክር በቀጠነች የመስታወት ቱቦ ጠቅጥቃ ማሞቂያው ውስጥ ከተተችው። 110 ሲደርስ እሳቱን ቀነስንና በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ እንዲጨምር አደረግነው። ከ121 እስከ 122።

«እንዴት አውቃለሁ ግን ቤንዞይክ አሲድ እንደሆነ? ሌላም 122 ላይ የሚቀልጥ ሊኖር ይችላል» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት። ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያና ሲናሚክ አሲድ ሁለቱም 133 አካባቢ ይቀልጣሉ። እኩል አድርጋ በአንድ ላይ እንድትፈጫቸው ሰጠኋት። ቴርሞሜትሩ 133 ሳይቃረብ ቱቦው ውስጥ ያለው ላበ፤ የእሷን መርፌዎች ደግሞ ከመደርደሪያው ንጹሕ ቤንዞይክ አሲድ ጋር ስትቀላቅል 122 ንቅንቅ አላለም።