ኳስ ይዞ መሮጥ የተከለከለበት ጨዋታ

እ.ኤ.አ. በ1891 መገባደጃ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ በነበረው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ ካናዳዊ መምህር ከባድ ሥራ ተሰጠው። ብርዱ ከሜዳ ያስወጣቸው ጎረምሶች በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት፣ ግን የማይሰባበሩበት ጨዋታ ፈልግ ተባለ። የሜዳ ጨዋታዎችን ወደ አዳራሽ ለማስገባት ሞከረ፤ ወለሉ ጠንካራ፣ ግድግዳውም ቅርብ ነውና አልሆነም። ራግቢ ለምን አካል እንደሚጎዳ ማሰላሰል የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን ታቅፎ ስለሚሮጥ ሌሎቹ የሚያስቆሙት ይዘው በመጣል ነው። ኳስ ይዞ መሮጥ ከተከለከለ ግን ሰው ለመጣል ምክንያት አይኖርም።

ቅርጫት ኳስ ከዚህች ሐሳብ ተወለደ። ኔይስሚዝ 13 ሕጎች ጻፈ። ሦስተኛው ኳስ ይዞ መሮጥን፣ አምስተኛው በትከሻ መግፋትን፣ መያዝን፣ መጥለፍንና መምታትን ከለከሉ። የዛሬው የሕግ መጽሐፍ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ ለእኔ አብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ማብራሪያ ነው። በመጀመሪያ መሮጡም መግፋቱም እኩል ፋውል ይባሉ ነበር። ዛሬ ተለያይተዋል። ጥሰት የአጨዋወት ስህተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኳሱን ለተጋጣሚ ማስረከብ ይበቃል፣ በማንም ስም አይመዘገብም። ፋውል ግን በሰው አካል ወይም በጨዋነት ላይ የሚፈጸም ነውና ይቆጠራል።

ተመልካች በብዛት የሚከራከርበት ጥሰት ኳስ ይዞ መራመድ ነው። ቆሞ ኳስ የተቀበለ ተጫዋች አንዱን እግር ሲያነሳ ሌላው መዞሪያ እግሩ ይሆናል፤ ይህን እግር ሳያነሳ እንደ ልቡ መዞር ይችላል። ኳስ እያነጠረ ሊሄድ ከፈለገ ግን መዞሪያ እግሩ ከመሬት ሳይለቅ ኳሱ ከእጁ መውጣት አለበት። እየሮጠ የተቀበለ ደግሞ ሁለት እርምጃ አለው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በ2017 ይህን ሲያብራራ፣ ኳሱ በእጅ በገባበት ቅጽበት መሬት ላይ ያለው እግር ከእርምጃ እንደማይቆጠር ደነገገ። ሦስት እርምጃ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሕጋዊ የሆነው ለዚህ ነው። ማንጠሩን አቁሞ ኳሱን ከያዘ በኋላ እንደገና ማንጠርም አይፈቀድም።

የሰዓት ጥሰቶችም አሉ፦ ከተጋጣሚ ቅርጫት ሥር ባለው ክልል ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም፣ ከራስ ሜዳ ለመውጣት ከ8 ሰከንድ በላይ መፍጀት፣ በ24 ሰከንድ ውስጥ አለመወርወር። የመጨረሻው ታሪክ አለው። በኖቬምበር 1950 በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ፣ ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ18 አሸነፈ፤ ኳሱን ይዞ ሰዓት በማባከን። ተመልካች ተሰላቸ። የሲራኪዩሱ ክለብ ባለቤት ዳኒ ቢያሶኔ አንድ ስሌት አቀረበ፤ ጥሩ ጨዋታ ላይ ሁለቱ ቡድኖች 120 ያህል ጊዜ ይወረውራሉ፤ የ48 ደቂቃው 2,880 ሰከንድ ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል። ሊጉ በ1954 ሰዓቱን ተከለ።

ፋውል ዘንድ ስንደርስ የዳኛው ሥራ ይከብዳል። ንክኪ ሁሉ ፋውል አይደለም። ሕጉ እያንዳንዱ ተጫዋች የቆመበት ወለልና ከበላዩ ያለው አየር የራሱ ነው ይላል፤ ጥያቄው ማን ቀድሞ ቦታውን ያዘ የሚል ነው። ተከላካዩ ፊቱን ወደ ተጋጣሚው አዙሮ፣ ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ከጠበቀ፣ የሚገጨው አጥቂ ጥፋተኛ ነው። አጥቂው ከዘለለ በኋላ ከሥሩ የገባ ተከላካይ ግን ፋውል ሠርቷል፤ የዘለለ ሰው የማረፊያ ቦታ መብቱ ነውና። ይህን ሕግ እጅግ እወደዋለሁ። በአየር ላይ ያለ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም፤ የሚጠብቀው ፊሽካው ብቻ ነው።

ቅርጫት ሲወረውር ፋውል የተሠራበት ኳሱ ከገባለት ነጥቡ ጸንቶ አንድ የቅጣት ውርወራ ይጨመርለታል፤ ካልገባ ሁለት ወይም ሦስት ይወረውራል። በፊባ ሕግ በ5፣ በኤንቢኤ በ6 ፋውል ተጫዋቹ ይወጣል። ቡድኑም በአንድ ሩብ ጊዜ ከአራት ካለፈ፣ ተከላካዩ ቅርጫት በማይወረውር ተጫዋች ላይ ለሚሠራው እያንዳንዱ ፋውልም ሁለት የቅጣት ውርወራ ይሰጣል። በኔይስሚዝ ዘመን ሁለተኛ ፋውል የሠራ ሰው ቀጣዩ ጎል እስኪቆጠር ይወጣ ነበር።

ዛሬ አስቸጋሪው ሆን ተብሎ የሚሠራው ፋውል ነው። የተመራ ቡድን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሰዓቱን ለማስቆም ተጋጣሚውን ይይዛል፤ አካልን ሊጠብቅ የወጣ ሕግ የስልት መሣሪያ ይሆናል። ፊባ በቅርብ ዓመታት አንዱን በር ዘግቷል፦ በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ 2 ደቂቃና በተጨማሪ ሰዓት፣ ኳሱ ከመስመር ውጪ ካለው ወርዋሪ እጅ ሳይወጣ ተከላካዩ ሜዳ ውስጥ ፋውል ከሠራ፣ አንድ የቅጣት ውርወራ ተሰጥቶበት ኳሱም ለተጋጣሚው ይመለሳል።