የሸረሪት መርዝና የነርቭ ሕዋስ የካልሲየም ቦዮች

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል የአገራችን ብሂል። ሸረሪት በተነሣች ቁጥር ወደ አእምሯችን የሚመጣው ድሯ ነው፤ መርዟ እምብዛም አይታሰብም። የነርቭ ሕዋሳትን አሠራር ለሚመረምሩ ሊቃውንት ግን መርዙ ከድሩ የላቀ ጥቅም ያለው መሣሪያ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው ይህ መርዝ በካልሲየም ቦዮች ላይ ምን እንደሚሠራ፣ በእርሱ አማካይነት ምን ዕውቀት እንደተገኘና የዚህ ዕውቀት ወሰን የት ላይ እንደሆነ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። ሕዋስን የሚጋርደው ስስ ሽፋን ከስብ የተሠራ በመሆኑ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አዮኖች አያሳልፍም። አዮኖቹ የሚያልፉት ሽፋኑን ሰንጥቀው በተተከሉ ፕሮቲኖች በኩል ነው። እነዚህን ፕሮቲኖች «ቦይ» ብለናቸዋል። «በር» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ መተላለፊያም መዝጊያም ያለው ስለሆነ ሁለቱን ለይቶ መጥራት ቀጥለን ለምናነሣው ጉዳይ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

1. ካልሲየም በነርቭ ጫፍ

ነርቭ መልእክቱን በራሱ ርዝመት የሚያጓጉዘው በኤሌክትሪክ ነው። ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚሻገረው ግን በአብዛኛው በኬሚካል አማካይነት ነው። ኬሚካሉ በነርቩ ጫፍ በጥቃቅን ከረጢቶች ተቋጥሮ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ትእዛዙም ካልሲየም ነው። ከሕዋሱ ውጭ ያለው የካልሲየም ክምችት በውስጡ ካለው ከ10,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በመሆኑም የኤሌክትሪኩ ሞገድ ደርሶ ቦዮቹን ሲከፍታቸው ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜም ከረጢቶቹ ይዘታቸውን ወደ ውጭ ያፈስሳሉ።

ይህን የካልሲየም ሚና በ1960ዎቹ ካረጋገጡት መካከል በርናርድ ካትዝ ግንባር ቀደም ናቸው። ካትዝ በ1911 በላይፕሲግ ከተማ የተወለዱ፣ በ1935 ከናዚ ጀርመን ሸሽተው ለንደን የገቡ አይሁዳዊ ስደተኛ ነበሩ። በ1970 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉበትን ሥራ ያከናወኑት በዚያው በተጠጉበት ከተማ ነበር።

2. ቦዮቹን የመለየት ችግር

ካልሲየም በአንድ ዓይነት ቦይ ብቻ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ሆኖም በ1985 ኖዊኪ፣ ፎክስና ቺን የተባሉ ተመራማሪዎች በጫጩት የነርቭ ሕዋሳት ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቦዮች እንዳሉ አስታወቁ፤ «ቲ»፣ «ኤል» እና «ኤን» የሚል ስያሜም ሰጧቸው። ችግሩ ሦስቱም በአንድ ሕዋስ ላይ በአንድነት ሊፈስሱ መቻላቸው ነው። ከአንድ ወንዝ ውኃ ተቀድቶ የትኛው ጠብታ ከየትኛው ገባር እንደመጣ መናገር እንደማይቻል ሁሉ፣ ከተቀላቀለው የኤሌክትሪክ ፍሰት የእያንዳንዱን ቦይ ድርሻ መለየት አስቸጋሪ ነበር። መፍትሔው አንዱን ገባር ዘግቶ ሌሎቹን የማይነካ ነገር ማግኘት ነው። ለ«ኤል» ቦይ ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለ«ኤን» ቦይ ደግሞ የባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ ይህን ተግባር ፈጸሙ።

ይሁንና ሁለቱም ከተዘጉ በኋላ መፍሰሱን የማያቆም ካልሲየም ተገኘ። በ1989 ሮዶልፎ ሊናስና ባልደረቦቻቸው ሴሬቤለም በተባለው፣ እንቅስቃሴን በሚያቀናጀው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉትን የፑርኪንዬ ሕዋሳት ሲመረምሩ፣ ይህን እንቢተኛ ፍሰት ከሸረሪት መርዝ የተገኘ ቅንብር እንደሚያስቆመው አሳዩ። ቦዩንም በሕዋሱ ስም የመጀመሪያ ፊደል «ፒ» አሉት።

3. ሸረሪቷና መርዟ

አጌሌኖፕሲስ አፔርታ የተባለችው ይህች ሸረሪት የምትኖረው በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ደረቅ አገርና በሰሜናዊ ሜክሲኮ ነው። ድሯን እንደ ምንጣፍ ዘርግታ፣ ጫፉን እንደ ማጥለያ አጥብባ፣ በጥቡ ውስጥ ታደባለች። ሰው ከሚገድለው የአውስትራሊያ ሸረሪት ጋር ልትምታታ አይገባም፤ የእርሷ ጠላት ነፍሳት ናቸው። መርዟ የብዙ ንጥረ ነገሮች ቅልቅል ሲሆን፣ አንዱ ወገን የጡንቻውን መልእክት ተቀባይ ይዘጋል፤ ሌላው የሶዲየም ቦዮችን ያለቅጥ ያነቃቃል፤ ሦስተኛው የካልሲየም ቦዮችን ይይዛል። ነፍሳቱ በአንድ ጊዜ ከሦስት አቅጣጫ ይጠቃሉ ማለት ነው።

ከሦስተኛው ወገን ዝነኛው ኦሜጋ-አጋቶክሲን-አራት-ኤ ይባላል። በ48 አሚኖ አሲዶች የተገነባና በአራት የድኝ ድልድዮች የተጠፈረ አነስተኛ ፕሮቲን ነው። በ1992 ሚንትዝ፣ አዳምስ፣ ቢንና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት ይህ መርዝ የ«ፒ»ን ቦይ እጅግ በአነስተኛ መጠን ሲይዝ፣ «ኤል»ንና «ኤን»ን አይነካም። ቆየት ብሎም መጠኑ ሲጨምር ብቻ የሚያዝ ተቀራራቢ ቦይ ተገኝቶ «ኪው» ተባለ። የኋላው ምርምር ሁለቱ ከአንድ ዘረመል የሚወጡ መሆናቸውን ስላመለከተ ዛሬ «ፒ/ኪው» ተብለው በአንድነት ይጠራሉ።

4. መርዙ እንዴት ይሠራል?

በዚህ ላይ ቦይንና መዝጊያን የለየንበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል። ከቀንድ አውጣው መርዞች መካከል በምርምር በብዛት የሚሠራበት የቦዩን አፍ ይደፍናል። የሸረሪቷ መርዝ ግን ከአፉ አይገባም። የካልሲየም ቦይ አራት ተመሳሳይ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ክፍል ቮልቴጅ ሲለወጥ የሚንቀሳቀስ ዘንግ አለ፤ መዝጊያውን የሚከፍተው የእነዚህ ዘንጎች እንቅስቃሴ ነው። መርዙ ከአራተኛው ክፍል ዘንግ አጠገብ ከውጭ በኩል ይጣበቅና መዝጊያው በተለመደው ቮልቴጅ እንዳይከፈት ያደርጋል። ቦዩን በጭቃ እንደ መድፈን ሳይሆን የመዝጊያውን እጀታ ጨብጦ እንደ መያዝ ነው። ለዚህም ማስረጃው ቮልቴጁ እጅግ ከፍ ሲደረግ ቦዩ መከፈቱ፣ መርዙም ከቦታው መላቀቁ ነው።

ሁሉም የሸረሪት መርዝ ግን ቦይ ዘጊ አይደለም። የጥቁሯ ሸረሪት (በእንግሊዝኛ አጠራሯ ብላክ ዊዶው) ዋነኛ መርዝ፣ አልፋ-ላትሮቶክሲን፣ በሽፋኑ ላይ ራሱ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል። ካልሲየም ያለ ትእዛዝ ስለሚገባ ከረጢቶቹ ያላቸውን ሁሉ ያፈስሳሉ፤ የተነደፈውም ሰው በጽኑ የጡንቻ መኮማተር ይሠቃያል።

5. ከመርዙ ምን ተገኘ?

ቁም ነገሩ ስያሜ ላይ የሚያበቃ አይደለም። ይኸው መርዝ በ1992 በአጥቢ እንስሳት ነርቭና ጡንቻ መጋጠሚያ ላይ ሲሞከር የመልእክቱን መተላለፍ አስቆመ፤ እንድንንቀሳቀስና እንድንተነፍስ የሚያደርገው መልእክት በዋናነት በ«ፒ/ኪው» ቦይ ላይ የተመሠረተ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ላምበርት-ኢተን በተባለው የጡንቻ መዛል በሽታ በአብዛኞቹ ሕሙማን ደም ውስጥ ይህንኑ ቦይ የሚያጠቁ ፀረ-አካላት ይገኛሉ። በ1996 ደግሞ የቦዩ ዘረመል ሲበላሽ ግማሽ አካልን የሚያዝል በዘር የሚወረስ የራስ ምታትና እየመጣ የሚሄድ የሚዛን መሳት እንደሚያስከትል ታወቀ።

መርዙ ራሱ መድኃኒት ያልሆነበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል፤ መተንፈስን የሚያዝዘውን ቦይ የሚዘጋ ነገር ለሕመምተኛ አይሰጥም። በአንጻሩ የ«ኤን» ቦይ በአከርካሪ ውስጥ የሥቃይን መልእክት ስለሚያስተላልፍ፣ ከቀንድ አውጣ መርዝ የተወሰደው ዚኮኖታይድ በ2004 በአሜሪካ ለጽኑ ሕመም ማስታገሻነት ተፈቅዷል።

6. መርማሪውን መመርመር

እስካሁን እንዳየነው፣ ስለ ቦዮቹ ካወቅነው ውስጥ ብዙው የተመሠረተው በመርዞች ምስክርነት ላይ ነው። ምስክሩ ቢሳሳትስ? በ1998 ከካሜሩን ታራንቱላ የተገኘው ኤስ ኤን ኤክስ-482 የተባለው መርዝ «አር» የተሰኘውን የካልሲየም ቦይ ለይቶ የሚዘጋ መሆኑ ተገለጸ፤ ለዓመታትም በርካታ ቤተ ሙከራዎች ፍሰቱ በመርዙ ከቆመ «አር» ነው ሲሉ ደመደሙ። በ2014 ግን ኪምና ቢን ይኸው መርዝ አንዳንድ የፖታሲየም ቦዮችን ከካልሲየሙ ይልቅ ባነሰ መጠን እንደሚዘጋ አሳዩ። በመሆኑም በመርዙ ብቻ የተደረሱ ድምዳሜዎች እንደገና ሊታዩ ግድ ሆነ።

ሸረሪቷ መርዟን ያበጀችው ለአደን እንጂ ለእኛ ምደባ አይደለም። ነፍሳቱ እስከተያዙላት ድረስ መርዙ አንድ ቦይ ቢይዝ ሁለት ግድ የላትም። ስለዚህ በአንድ መርዝ የተገኘ ውጤት በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ ዘረመሉ በተነሣበት እንስሳ ላይ፣ ሲረጋገጥ ብቻ እንደ ጽኑ ዕውቀት ሊቆጠር ይገባዋል። የ«ፒ/ኪው» ቦይ ታሪክ በመርዙም በዘረመሉም በበሽታውም ስለተመሰከረለት ጸንቶ ቆሟል፤ የ«አር» ቦይ ግን ገና ብዙ ሥራ ይጠይቃል።